አንገቱ ድረስ የተቀበረው ዋንዛ

ሸዋሮቢት ላይ የግቢ ዛፍ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠራው መጋዝ ያለው ሰው ነው። የአንድ ግቢ ዋንዛም ዕጣው ይኸው ሆነ። አናቱ ደርቋል፣ የተረፈው ቅጠል ከወትሮው አንሶ ቢጫ ሆኗል። የተጠራው ሰው ከቅርንጫፉ ግማሽ ያህሉን መለመለው፣ ሁለት ጣሳ ዩሪያ ግንዱ ሥር በትኖ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በቀጣዩ ክረምት የዛፉ አንድ ጎን ጭራሽ ቅጠል ሳያወጣ ቀረ። ጣውላውን የሚፈልግ አናጢም በሩን ማንኳኳት ጀመረ፤ የዋንዛ ቁምሳጥን ገበያው ስለሚታወቅ አይፈረድበትም።

ቀጥሎ የመጡት ሁለት የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች አናቱን ትተው ግርጌውን ተመለከቱ። ጤነኛ ዛፍ መሬት ሲቃረብ እየሰፋ፣ ሥሮቹን እያንሰራፋ ይገባል። ይኸኛው እንደ መብራት ምሰሶ ቀጥ ብሎ ነው አፈር ውስጥ የገባው።

«እማማ፣ ይሄ ግቢ ተደልድሎ ነበር እንዴ?»

«ሰርቪስ ቤቱ ሲሠራ ነዋ ልጄ። የመሠረቱን አፈር የትም ከሚደፋ ብለን ጓሮውን ሞላንበት። አራት ዓመት አልፎታል እኮ፤ ያኔማ ምንም አልሆነም ነበር።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች በብዛት የሚገኙት በላይኛው ከ30 እስከ 60 ሳንቲሜትር ባለው አፈር ውስጥ ነው፤ እነሱም አየር ይፈልጋሉ። ከመሠረት የወጣ ከባድ ጥቁር አፈር ላያቸው ላይ ሲደለደልና በእግር ሲረገጥ ይታፈናሉ። ግንዱም ቅርፊቱ እንደ ሥር ቅርፊት ዘወትር እርጥበት አይችልም፤ ይበሰብስና ሻጋታ ይገባበታል። ትልቅ ዛፍ ግን ያጠራቀመው ስንቅ ስላለው ሕመሙን የሚያሳየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ድልድሉን የሚያስታውስ የለም። ዩሪያው ደግሞ ለተጎዳ ሥር ጨው እንደመነስነስ ነው፤ ውሃ ያሸሽበታል። በዚያ ላይ ሥሩን የሚመግበው ቅጠል በመጋዝ ሄዷል።

ቁፋሮው ዶማ አልነካውም፤ ግንዱ አጠገብ ዶማ ያነሳ ሰው ጤነኛውንም ቅርፊት ይልጣል። በእጅ፣ በሾለ እንጨትና በትንሽ መኮትኮቻ ከግንዱ እየራቁ አንድ ሜትር ዙሪያውን አወጡ። 40 ሳንቲሜትር ያህል ሲወርዱ የመጀመሪያው ወፍራም ሥር ታየ፤ ቁፋሮው እዚያ ላይ ቆመ። በሙሌቱ ውስጥ አዲስ በቅለው ግንዱን እንደ ገመድ የጠመጠሙትን ሥሮች በመሮና በመዶሻ እየቆረጡ አነሱ። ቅርፊቱን በቢላ ጫፍ ጫር ሲያደርጉት በአንድ በኩል ቡናማና የሚሸት፣ በቀረው ግን እርጥብና ነጣ ያለ ነበር። የሞተው የዙሪያው ሩብ አይሞላም። ግማሹን ቢያልፍ ኖሮ ከቤት አጠገብ የቆመን ዛፍ ማስታመም ዋጋ የለውም፤ ጣራ ላይ ሳይወድቅ ማንሳት ይሻላል።

ጉድጓዱ እንዳይደፈን ጠርዙን በድንጋይ ካቡት። ሸዋሮቢት ላይ ዝናቡ ሲመጣ በኃይል ስለሆነ ከጉድጓዱ ወደ ቁልቁለቱ የሚወስድ ቦይ ካልተቀደደ ሥራው ሁሉ ወደ ኩሬ ይለወጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቀረው ሙሌት ደግሞ የቅርንጫፉ ጥላ እስከሚያርፍበት ድረስ ከላይ ከላይ እየተጠረገ በጋሪ ወጣ። ቀድሞ የነበረው አፈር ላይ ሲደረስ አምስት ሳንቲሜትር የተብላላ ፍግና ደረቅ ቅጠል ለበሰ፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ተደርጎ።

ውሃው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አይደለም። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከግንዱ ሥር ሳይሆን በጥላው ዳርቻ፣ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ይለቀቃል። በማግስቱ ቀጭን ፌሮ ሲወጋ አንድ ክንድ ያህል ያለ ችግር ከገባ በቅቶታል። ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል በደንብ እስኪያወጣ ድረስ ክልክል ነው።

መጋዙ የመጣው መጨረሻ ላይ፣ ለደረቀው ብቻ ነው። ዋንዛ ደረቁ ሲበረታበት ቅጠሉን ስለሚያራግፍ በበጋ ራቁቱን የታየ ቅርንጫፍ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም፤ በጥፍር ሲፋቅ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ይተዋል። ከባዱ ቅርንጫፍ ቅርፊት ገሽልጦ እንዳይወርድ በቅድሚያ ከግንዱ ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ ከታች ሲሶው ይቆረጣል፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይጣላል፣ ጉቶው በመጨረሻ መጋጠሚያው ላይ ካለው እብጠት ውጭ ይነሳል። ቁስሉን ቀለም መቀባት አያስፈልግም፤ እርጥበት አፍኖ ይይዝበታል።

ሠራተኞቹ ሲወጡ ከቤቱ ሰዎች ጋር የተከራከሩት ስለ ልብስ እጣቢ ነበር። የለመዱት ውሃውን ዛፉ ሥር መድፋት ነው፤ ጉድጓዱ ሲከፈት ደግሞ ይበልጥ አመቺ ሆነ። በተለይ በረኪና ያለበት እጣቢ ለተጋለጠ ሥር መርዝ ስለሆነ ወደ ፍሳሹ ቦይ እንዲሄድ ተስማሙ። ጓሮው ኮብል ይነጠፍ የሚለው ሐሳብም ከጥላው ክልል ውጭ እንዲሆን፣ መጋጠሚያውም በሲሚንቶ ሳይሆን በአሸዋ እንዲሞላ ተባለ።