ጥፍር የሌለው አውራ ጣት ይዞ ደሴ ላይ መኖር

ደሴ ላይ እግር አይደበቅም። መስጂድ ስንገባ ጫማ ይወልቃል፣ ቤተክርስቲያን የሚሄዱትም እንደዚያው። ሰው ቤትም ጫማ የሚቀረው በር ላይ ነው። ቡና ስንጠራ ደግሞ ረከቦቱን ከበን ስለምንቀመጥ የሁላችንም እግር ፊት ለፊት ተደርድሮ ይታያል። ሌላ ቦታ የእግር ጥፍር ማጣት ካልሲ አጥልቀው የሚረሱት ነገር ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ግን በቀን ስንቴ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።

የኔ የቀኝ እግር አውራ ጣት ነው። ውሃ የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን እጀታው ተበጥሶ ወደቀበት። ጥፍሩ በዚያው ቀን ጠቆረ፣ እየቆየ ከሥሩ መላቀቅ ጀመረ፣ በመጨረሻ አንድ ጠዋት ካልሲዬን ሳወልቅ አብሮ ወጣ። የቀረው ሮዝ፣ እርጥብ፣ አየር ሲነካው የሚለበልብ ሥጋ ነበር።

ስለ ሕመሙ የሚመክር ሰው አይጠፋም። ስለ መልኩ ግን የሚያወራ የለም። «እግር አይደል እንዴ፣ ማን ያየዋል?» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የማውቃት ልጅ በዚሁ ምክንያት ሰው ቤት ቡና መጠጣት ትታለች፣ ሲጠሯት «ሥራ አለብኝ» ነው መልሷ። ኳስ የሚጫወቱ ወንዶችም እንደዚሁ ናቸው፣ ጥፍራቸው በታኬታ ተረግጦ ጠቁሮ ሰው ፊት ካልሲ የማያወልቁ አውቃለሁ። ሰውን ከጎረቤትና ከዘመድ የሚያርቅ ነገር ቀላል ነው ሊባል አይገባም። ስለዚህ ስለ መልኩ የምትጨነቁ ካላችሁ አትሸማቀቁ፣ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን እወቁት፣ ብዙው ጭንቀት የሚመጣው ጊዜውን ካለማወቅ ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። የእግር ጥፍር የዚያን ግማሽ ነው፣ በወር 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ። አውራ ጣት ላይ ሙሉ ጥፍር ተመልሶ እስኪሞላ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። በሁለተኛው ወር ላይ ሆናችሁ «ምንም አልበቀለም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ በዚያ ጊዜ ቢታይ ሥሩ ላይ ያለች ቀጭን መስመር ናት። ጥፍር የሚሠራው ከሥሩ ነው፣ ቆዳው ከሸፈነው ቦታ። ያ ቦታ ደህና ከሆነ ጥፍሩ ይመጣል። ከተጎዳ ጎርበጥባጣ ወይም የተሰነጠቀ ሆኖ ሊበቅል ይችላል፣ ክፉኛ ከተጎዳ ደግሞ ጭራሽ ላይመለስ ይችላል። ይሄን ለሚጠይቀኝ ሁሉ በግልጽ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ዓመት ሙሉ ጠብቆ ከማዘን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ደህና ሆኖ ሲመጣም መጀመሪያ ላይ አያምርም። ወፈር ይላል፣ ሞገድ ሞገድ ይሠራል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። ከፊት ያለው ሥጋ ደግሞ የሚጫነው ጥፍር ስላጣ ሽቅብ ይነሳል፣ አዲሱ ጥፍር እሱ ጋ ሲደርስ ሊወጋው ይችላል። ስትቆርጡ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጎኖቹን አታጉድሉ። አብዛኛው ጥፍር እያደገ ሲሄድ ይስተካከላል።

እስከዚያ ሥጋውን መጠበቅ ነው። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ስስ ቫዝሊን መቀባት፣ ከፋርማሲ የማይጣበቅ የቁስል መሸፈኛ (ጎዝ) ገዝቶ መሸፈን። ሥጋው እየደረቀ፣ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ካልሲ ብቻ ይበቃዋል። ግማሹ ተላቆ ግማሹ የያዘ ጥፍር ካለ አትጎትቱት፣ ካልሲ እንዳይዘው የተንጠለጠለውን ብቻ ቁረጡ። ጥፍሩ ሳይወልቅ ደም ቋጥሮ የሚጠዘጥዛችሁ ከሆነ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ቀዳዳ አበጅተው ደሙን ያፈሱታል፣ ሕመሙም ወዲያው ቀለል ይላል። ጤና ጣቢያ እያለ ቤት ውስጥ መርፌ በሻማ አግሎ የሚወጋ ሰው አይቻለሁና እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። መርገጥ ካቃታችሁ ወይም ጣቱ ከተጣመመ ራጅ ያስፈልጋል፣ ከባድ ዕቃ አጥንትም ይሰብራል። ቁስሉ አፈር ነክቶት ከሆነ ስለ ቴታነስ ክትባት ጠይቁ።

ያልጠበቅኩት ችግር የገጠመኝ ሶላት ላይ ነው። ስንቀመጥ የቀኝ እግር ጣቶች ታጥፈው ምንጣፉን ይጫናሉ፣ የኔ ደግሞ ቀኙ ነው። ሱጁድ ላይም ያው ነው። ሌላው ቀርቶ የምንጣፉ ክር ራሱ ያን ሥጋ ይይዘዋል። የሚመቻችሁን ያህል አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ዲኑ ለታመመ ሰው ገር ነው። ለውዱእም፣ ማለትም ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት፣ ቁስሉን ውሃ ማስነካት አይጠበቅባችሁም፣ ፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ ይቻላል።

ቀጥሎ ሰው አለ።

አንድ ቀን ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ፋሻውን ፈትቻለሁ። አንዲት ትልቅ ሴት እግሬን አዩና «ምን ነክቶሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ጀሪካን ወድቆብኝ ነው እማማ፣ እየበቀለ ነው» አልኳቸው። «አብሽሪ» አሉና የግራ እግራቸውን ከቀሚሳቸው ሥር አወጡ። ትንሿ ጣታቸው ጥፍር የላትም። ልጅ ሆነው እንጨት ሊለቅሙ ወጥተው ድንጋይ መታቸው፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ቦታው ለስልሶ፣ አንጸባርቆ፣ ልክ እንደ ሌላው ቆዳ ሆኗል። በዚያች እግር ተድረዋል፣ ወልደዋል፣ ሐጅም ሄደዋል። አጠገባቸው የነበረችው ደግሞ የራሷን አሳየችን፣ በጠባብ ጫማ የወፈረና ወደ ጎን የዞረ። አቦሉ ሳያልቅ የቤቱ ሰው ሁሉ ስለ እግሩ አወራ።

እኔ ያን ዕለት የገባኝ ሰው የሚያፈጠው ምን እንደሆነ ስላላወቀ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሲያፈጥባችሁ ፈጥናችሁ ንገሩት፣ በአጭሩ፣ ሳትሸማቀቁ። «ዕቃ ወድቆበት ነው፣ እየበቀለ ነው።» አለቀ። ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ይዞራል።

በእኛ አካባቢ ለዚህ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረ ነው። ስለዚህ ትልቅ ሰው የተጎዳ ጣት ሲያይ ሐሳቡ ወደዚያ ቢሄድ አይፈረድበትም። ግን ይሄንንም አብረን እንናገር፦ ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፣ ሕክምና የጀመረ ሰውም ወደ ሌላ አያስተላልፍም። የእኛን ጣት ለማስረዳት ብለን እነሱን የሚያገል ቃል ከአፋችን እንዳይወጣ።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ማስረዳት አትፈልጉም፣ መሸፈን ትፈልጋላችሁ። ሰርግ አለ፣ ዒድ አለ፣ ፎቶ አለ። መብታችሁ ነው።

ሥጋው ደርቆ ከጠነከረ በኋላ ኪውቴክስ በጥፍር ቅርጽ መቀባት ይቻላል። ቆሞ ለሚያይ ሰው ጥፍር ያለ ይመስላል። እኔ ጠቆር ያለ ቀይ ወይም ቡናማ እመርጣለሁ፣ ፈዛዛ ቀለም ጉርብጥብጡን ያሳያል። እርጥብ ሥጋ ላይ ግን በፍጹም እንዳትቀቡ። ለምንሰግድ ሰዎች ኪውቴክስ ሌላም ጣጣ አለው፣ ውሃ ወደ ጥፍሩ እንዳያልፍ ስለሚከለክል ለውዱእ መልቀቅ አለበት።

ለዚህ ነው እንሶስላ የምወደው። ሥሩ ታጥቦ ይወቀጣል፣ እግር ላይ ይደረጋል፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ይታደርበታል። ጠዋት ሲታጠብ ጣቱም ጥፍሩም ሥጋውም አንድ ዓይነት ቀለም ይይዛል። ጥፍር የጎደለበት ጣት ከሌሎቹ የሚለየው በቀለሙ ጭምር ነውና፣ ቀለሙ አንድ ሲሆን ዓይን አይያዝም። ንብርብር ስለማይሠራ ውዱእም አይከለክልም። ሂናም እንደዚሁ ነው። ሁለቱንም ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ካልደረቀ አታድርጉ። «ጥቁር ሂና» ከሚባለው ደግሞ ራቁ። ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባለው የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይቀላቀልበታል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል።

ፀጉር ቤቶች የሚለጥፉት ሰው ሠራሽ ጥፍር ሲታይ ያምራል። የሚይዘው ግን የራሳችሁ ጥፍር ቢያንስ በከፊል ሲኖር ነው። ባዶ ሥጋ ላይ ሙጫ ማስደረግ ጉዳት ነው፣ ከሥሩ እርጥበት ይቋጥርና ለፈንገስ ይመቻል። ለአንድ ሰርግ አድርጋችሁ ብትነቅሉት ይገባኛል፣ ለወራት ግን አይሆንም። ፔዲኪዩር የምትሠሩ ከሆነ መቁረጫችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። በዚህ ማንም ሊቀየማችሁ አይገባም።

ጫማን በተመለከተ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርዱ ራሱ ሽፍን ጫማ ያስደርጋል፣ ማንም «ለምን?» አይልም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ነው ችግሩ፣ እዚያ ሙቀት ነው፣ ሰው ሁሉ ሸበጥ ነው። ስትገዙ ከፊት ሰፋ ያለ፣ አውራ ጣቱን የማይነካ ምረጡ፣ ማታ ማታ እግር ስለሚያብጥ ወደ ማታ ለኩት። ቁልቁለት ደግሞ ጠላት ነው። የጦሳን ተራራ ወጥቶ መውረድ የሚወድ ሰው ክሩን ቁርጭምጭሚቱ ጋ አጥብቆ ካላሰረ ጣቶቹ ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጩ ነው የሚወርደው፣ ብዙ የጠቆረ ጥፍር የሚመጣው ከዚያ ነው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ወንድም አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሴፍቲ ጫማ አድርጎ ነው የሚውለው። የሱ ጥፍር አልወለቀም፣ ቢጫ ሆኖ ወፍሮ ይፈረፈራል። ፈንገስ ነው። ክሬም ሲቀባ ከረመ፣ ግን ክሬም ያን ወፍራም ጥፍር ዘልቆ መግባት ይከብደዋል። በኋላ ሐኪም አይቶት፣ ጥፍሩ ተፍቆ ተመርምሮ፣ ተርቢናፊን የሚባል ኪኒን ታዘዘለት፣ ለእግር ጥፍር አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ይወሰዳል። ጉበት ላይ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ የሚጀመር አይደለም። ደግሞም ምርመራው ይቅደም፣ የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም። ወንድሜ ኪኒኑን ሲጨርስ ጥፍሩ ያው ቢጫ ስለነበር «አልሠራም» ብሎ ተናደደ። መድኃኒቱ የተበላሸውን ጥፍር አያሳምረውም፣ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር እንዲመጣ ነው የሚያደርገው፣ ያ ደግሞ ቀደም ብዬ ባልኩት ፍጥነት ነው። አሁን ከሥሩ ንጹሑ እየገፋ ነው። እስከዚያ ካልሲ በየቀኑ ይቀይራል፣ ሁለት ጫማ እያፈራረቀ አንዱን ፀሐይ ላይ ያሰጣል።

አንድ ነገር ግን ከመልክ በላይ ነው። የመታው ነገር ሳይኖር ጥፍር ሥር ጥቁር ነገር ካያችሁ ተከታተሉት። ደም ከሆነ ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በየወሩ ፎቶ ብታነሱት ይታያል። ባለበት ከቆመ፣ ወይም አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የመጣ መስመር ከሆነና እየሰፋ፣ ወደ ቆዳው እየተሻገረ ከሄደ የቆዳ ሐኪም ይየው። ጥቁር ሰዎች ብዙ ጥፍር ላይ ቡናማ መስመር መኖሩ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፣ በዚያ አትደንግጡ። ቦብ ማርሌይ ግን በ1977 እ.ኤ.አ. በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የቆዳ ካንሰር ተገኘበት፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ ሞተ።

ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ከላይ ያልኩትን የቤት ውስጥ እንክብካቤ ብቻ ይዞ አይቀመጥ። እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ቁስሉ ላያመው ይችላል፣ ለመዳንም ይዘገያል። መግል፣ እብጠት ወይም ሙቀት ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይጎላ በእጅ ዳሱት፣ ከሌላው ጣት ይሞቅ እንደሆነ ይታወቃል። እናት አባቶቻችሁ ስኳር ካለባቸው ዛሬ ማታ እግራቸውን እጠቡላቸውና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እዩ፣ በመሀል በመሀሉም ጭምር።