መትረየስ የሌለው አብራሪ

ሰሞኑን እንዲሁ ይከፋኛል። ምንም የሆንኩት ነገር የለም፤ ዝም ብሎ ነው። ዛሬም እህቴ "መቼ ነው የምትመጣው?" ብላ ጽፋልኛለች። መልስ ልጽፍላት ስልኬን እንዳነሣሁ አንድ አውሮፕላን በላዬ አለፈና ሐሳቤን ይዞት ነጎደ። ማን ጋ ቢወስደኝ ጥሩ ነው? ጆን ሮቢንሰን ጋ።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ፤ "ብራውን ኮንዶር" የሚሉት ጥቁር አሜሪካዊ። ቺካጎ ያለው የበረራ ትምህርት ቤት በቀለሙ ምክንያት አልቀበልም ሲለው፣ እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገባ። ወለል እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። ኋላ አብራሪ ሆኖ ኢትዮጵያን ሊያግዝ መጣ፤ በመስከረም 1928 ጣሊያን ዐድዋን በቦምብ ሲደበድብ ደግሞ እዚያው ዐድዋ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ስናወራ "ተዋጊ አብራሪ" እንለዋለን፤ የሚያበራቸው አውሮፕላኖች ግን መሣሪያ እንኳ አልነበራቸውም። ሥራው ከአዲስ አበባ ወደ ግንባር መልእክት ማመላለስ ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ካዩት ወይ ደመና ውስጥ መግባት ነው፣ ወይ ሸለቆ ለሸለቆ ዝቅ ብሎ ማምለጥ። እስቲ አስቡት። ከላይ ክዳን የለም፣ ነፋሱ ፊቱን ይገርፈዋል፣ ከኋላው ጥይት ይመጣል፣ እሱ ደመና ይፈልጋል። የሰሜን ደመና ደግሞ ሆዱ ውስጥ ተራራ ይደብቃል። የሚተኩስ ሰው ቢያንስ እጁ ሥራ አለው። ይሄኛው ምን እያሰበ ይሆን የሚሸሸው?

በግንቦት 1928 አገሩ ሲገባ የኒው ዮርክና የቺካጎ ጥቁሮች በሆታ ተቀበሉት። ጀግናችን አሉት። ወዳደገበት ሚሲሲፒ ቢወርድ ግን ባቡር ውስጥ ከነጭ ጎን መቀመጥ አይችልም። ጦርነት ሄዶ የመጣ ሰው ነው እንግዲህ!

በ1936፣ በእኛው አቆጣጠር፣ እንደገና መጣ። ያኔ ጣሊያን ወጥቷል፣ የሚያሳድደው የለም። የኛን ልጆች በረራ ሊያስተምር ነው የመጣው። በ1946 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ አዲስ አበባ ተቀበረ።

ታዲያ አገሩ ገባ የሚባለው የትኛው ጊዜ ነው? የሆታው ቀን ነው ወይስ ማንም ሳያጨበጭብለት የመጣበት?

ደግሞ እኮ ይህን የምጠይቀው እኔ ነኝ! አውሮፕላን ትንሽ ሲንገጫገጭ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እጅ አፈፍ የማደርገው። ባለፈው የያዝኩት አንድ የማላውቃቸውን ሽማግሌ ነበር። ይቅርታ ብዬ ልለቃቸው ስል እሳቸው አልለቀቁኝም።