ሌባሻይ በልብ ወለድ ውስጥ

ዛሬ ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ ስመጣ፣ አውቶቡሱ በመንገድ መዘጋጋት ስለዘገየ (ለአንባቢ አንዳንዴ ይበጃል)፣ ስለ ሌባሻይ የሚተርክ ታሪካዊ የወንጀል ልብ ወለድ አጋመስኩ። ሌባሻይ በሚባለው በዚህ የቀድሞ የሌባ መፈለጊያ ልማድ ዕቃ ሲሰረቅ ለአንድ ልጅ አደንዛዥ መድኃኒት ያጠጡትና ወገቡን በገመድ ይዘው ይከተሉታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት የጠፋውን እንዲከፍል ይፈረድበታል። ደራሲው ልጁን አውቆ የሚያታልል አድርጎ መሳሉ አላሳመነኝም፤ ይበልጥ የሚያስፈራው፣ ልጁም ዳኛውም ከልባቸው እያመኑ፣ አንድም ሰው ሳይዋሽ ንጹሑ ሰው ባለዕዳ መሆኑ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ፣ ማለትም አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዘው፣ ታስረው ዳኛ ፍለጋ የሚጓዙበትን ምዕራፍ ግን እጅግ ወድጄዋለሁ፤ ተከሳሹ ሲያስነጥሰው ሌባ ብሎ የከሰሰው ሰው ሳያስበው «ይማርህ» ይለውና ወዲያው ፊቱን ያዞራል።