ትርፍ ጊዜን የማይጠብቅ ዕረፍት

ሥራና የቤተሰብ ኃላፊነት የተደራረበባቸው ሰዎች «ትንሽ ፋታ ሳገኝ አርፋለሁ» ሲሉ ደጋግሜ እሰማለሁ። ፋታው ግን በራሱ ጊዜ አይመጣም፤ አንዱ ሥራ ሲያልቅ ሌላው ወዲያው ቦታውን ስለሚይዝ፣ የዕረፍቱ ሰዓት አስቀድሞ ተለይቶ ካልተያዘ በስተቀር ቀኑ እንዲሁ ተሻምተውት ያልቃል።

ውጥረት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የሚያስፈራ ወይም የሚያጣድፍ ነገር ሲገጥመን ከኩላሊቶቻችን በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ለአስቸኳይ ጉልበት ያወጣል። ተመራማሪው ሐንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ብርድም ይሁን የአካል ጉዳት ወይም ከመጠን ያለፈ እንቅስቃሴ በአይጦች ሰውነት ላይ የሚያስከትለው ምላሽ ተመሳሳይ መሆኑን፣ ጫናው ሳያቋርጥ ሲቀጥልም እንስሳቱ ቀደም ሲል ያዳበሩትን የመቋቋም ዐቅም አጥተው እንደሚዝሉ አመልክቷል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው አለማቋረጡ ነው።

ብዙዎቻችን ዕረፍት የምንለው ጋደም ብሎ ስልክ መነካካትን ነው፤ እኔ ግን ይህን ከዕረፍት አልቆጥረውም። ከሥራ ጋር የተያያዘ አንድ መልእክት በምታነቡበት ቅጽበት ሰውነታችሁን አስተውሉት፦ ትከሻ ሳይታወቅ ወደ ጆሮ ከፍ ይላል፣ ጥርስ ከጥርስ ይገጥማል፣ ትንፋሽም አጭር ይሆናል። ጀርባችን ፍራሽ ላይ ቢሆንም ሰውነታችን ገና ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ ከመኝታ በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት ለራሴ ለይቻለሁ፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ያድራል፣ ቤተሰቦቼም ሰዓቱን ስለሚያውቁት ያከብሩልኛል። በዚያ ሰዓት አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያዳበረውን ጡንቻን እያጠበቁ የማላላት ዘዴ እጠቀማለሁ። ጡጫዬን ለጥቂት ሰከንዶች አጥብቄ እጨብጥና በአንዴ እለቀዋለሁ፤ ከዚያ ክንድ፣ ትከሻ፣ ፊት፣ ሆድ እያልኩ እስከ እግር ጣቶቼ እወርዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ መዋሉን ያላወቅሁት ጡንቻ ሲላላ ያኔ ይታወቀኛል። ትንፋሽንም ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱን ረዘም ማድረግ ይረዳል፤ አየር ስናስወጣ ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሌሎች የውስጥ አካላት በሚወርደው በቬገስ ነርቭ አማካኝነት የልብ ምት ዝግ ይላልና። ይህ የማይስማማው ሰው በእግር ይንሸራሸር፣ ይጸልይ ወይም አትክልት ይኮትኩት፤ ዋናው ነገር ሐሳቡን ከሥራው የሚያላቅቀው መሆኑ ነው።

ይህን ስል ግን ሸክሙን ሁሉ በደከመው ሰው ላይ መጫኔ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ላይ «በርን አውት» የሚባለውን መዛል ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ አስቀምጦታል፤ የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው የሚሰጥ አለቃ ባለበት ቦታ ትንፋሽን መቆጣጠር ብቻውን መፍትሔ ሊሆን አይችልም። እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ለሳምንታት ከዘለቁም ሳይዘገዩ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝኑኝ በሽተኛ የሚያስታምሙና ሕፃን የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው፤ ለራሳቸው አንድ ሰዓት ሲወስዱ ከሌላው የሰረቁት ያህል ይሰማቸዋልና። እንዲህ ላለ ሰው «ራስህን ተንከባከብ» ማለት ብዙም አይጠቅመውም። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ አጠገባቸው እሆናለሁ፤ አንተ እስከ ማታ አትመለስ» ብሎ ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጦ መንገር፣ በተባለውም ሰዓት መገኘት ነው የሚያሳርፈው።