መስታወት ያለው ማይክሮስኮፕ

የምሠራው በአንድ የወረዳ ከተማ ሆስፒታል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። መብራት ጠፋ ብዬ ስጀምር «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኛም እንደዚያው ነበር ያልነው። ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ማሽኖቹ ይበራሉ። የዚያን ሰሞን ግን ንፋስ የመስመሩን ምሰሶዎች ጥሏቸው ነበር። ጄኔሬተሩም ትንሽ ሲያንገራግር ቆይቶ ጭራሽ አልነሳም አለ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ የወባ ሰሞን።

አንዱ ሲቆም ሌላው ተከትሎት ይቆማል። ፓምፑ ስለቆመ የቧንቧ ውኃ የለም። የስልክ ማማው ባትሪ ሲያልቅ ኔትወርክ ሄደ። ኔትወርክ ሲሄድ በቴሌብር ሊከፍል የመጣው ሁሉ ካሸር ፊት ተገትሮ ቀረ። የሐኪሞቹ ትእዛዝ በኮምፒውተር ነበር የሚደርሰን፤ አሁን ተማሪ ነርሶች በብጣሽ ወረቀት እየሮጡ ያመጣሉ። የደም ሴሎችን የሚቆጥረው ሲቢሲ፣ ኬሚስትሪ ማሽኑ፣ ደምን አሽከርክሮ የሚለየው ሴንትሪፊዩጅ ሁሉም ጸጥ ብለዋል።

የወባ ኪት፣ ማለትም ፈጣን መመርመሪያ፣ ነበረን። ያለ መብራት ይሠራል፣ አንድ ጠብታ ደም ይበቃዋል። ግን አገራችን ውስጥ አንዳንዱ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ብዙዎቹ ኪቶች የሚፈልጉትን ፕሮቲን አያመነጭም። ኪቱ የለም ይላል፣ ልጁ በትኩሳት ይነዳል። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ የግድ ነው። የእኛዎቹ ደግሞ ሁሉም ባለ አምፖል ናቸው።

ኃላፊያችንን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጡረታቸው ደርሷል። ምንም ሳይናገሩ የስቶር ቁልፍ ተቀብለው ሄዱና አቧራ የጠጣ ባለ አንድ ዓይን ማይክሮስኮፕ ታቅፈው መጡ። ከሥሩ በአምፖል ፋንታ ክብ መስታወት አለው። ጠረጴዛውን መስኮት ሥር አስጠጉና፣

«ና ልጄ፣ ተቀመጥ። ፀሐይዋን እንዳትይዝ፣ ዓይንህን ታጠፋዋለች። ሰማዩን ነው የምትይዘው» አሉኝ።

መስታወቱን በጣቴ ሳዟዙር መጀመሪያ የመስኮቱ ብረት ጥላ መጣ፣ ቀጥሎ የራሴ ሽፋሽፍት። ከዚያ ክቡ ድንገት በነጭ ብርሃን ሞላ። ዘይት ጠብ አድርጌ ባለ 100ውን ሌንስ አወረድኩ። ጊምዛ በሚባል ማቅለሚያ በቀለመው ደም ላይ የወባዋ ቀለበቶች ወለል ብለው ታዩኝ። ደመና ሲያልፍ ይጨልማል፣ እንደገና ማዟዟር ነው። ወባ የለም ብሎ ለመጻፍ ቢያንስ 100 መስክ፣ ማለትም በሌንሱ የሚታየውን ክብ 100 ቦታ ላይ፣ ማየት ያስፈልጋል። በረንዳው ላይ ደግሞ ሕዝቡ እንደ ገበያ ቀን ተኮልኩሏል።

የደም ማነስን ሳህሊ በሚባለው የሂሞግሎቢን መለኪያ ሠራን። ትምህርት ቤት አንዴ አሳይተውን ያለፉት ዘዴ ነው። 20 ማይክሮ ሊትር ደም ትወስዳለህ፣ የቀጠነ አሲድ ላይ ትጨምራለህ፣ ደሙ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ከዚያ የተጣራ ውኃ በጠብታ እየጨመርክ ከጎኑ ካለው ባለ ቀለም ብርጭቆ ጋር በቀን ብርሃን ታስተያያለህ። ሲመሳሰሉ ቱቦው ላይ ያለውን ቁጥር ታነባለህ። ጋሼ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዩ በብርሌ ጠጅ የሚቀምሱ ይመስሉ ነበር። የአንዲት ሕፃን ውጤት በዴሲ ሊትር ከ5 ግራም በታች ወጣ፤ ከባድ የደም ማነስ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ወዲያው በአምቡላንስ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ላካት።

ይህን ለሰው ሳወራ «አየህ፣ የድሮው ይሻላል» የሚለኝ አይጠፋም። አይሻልም። በሳህሊ ሁለት ሰው አንድን ቱቦ አይቶ የተለያየ ቁጥር ሊያነብ ይችላል። የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ጭራሽ አልነበረንም። ሁሉንም መሥራት ስላልተቻለ ጋሼና ሐኪሞቹ ተቀምጠው ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ ወሰኑ፦ ነፍሰ ጡሮች፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ራሳቸውን የሳቱ። ሌላው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ተመላሾቹን የማሰናበቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። አንዱ አባወራ ከአራት ሰዓት መንገድ በእግሩ መጥቶ ነበር።

ጋሼም ስለ ድሮ ሲሞገስ አይወዱም። «ድሮማ ስንቱ ልጅ በእጃችን ላይ ቀርቷል» ይላሉ።

በትግራይ ጦርነት ጊዜ መብራት፣ ስልክና ባንክ ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ሐኪሞች ጓንት አጥበው ደግመው እስከመጠቀም ደርሰው ነበር። የእኛ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ በቀናት ውስጥ መብራቱ መጣ። ጋሼ ግን ማይክሮስኮፑን ወደ ስቶር አልመለሱትም። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ስላይድ ሳያነብ ፈረቃ አይገባም አሉ። አንዳንዱ አጉረመረመ። እኔ ደገፍኳቸው፣ ምክንያቱም የዚያን ቀን ዘዴውን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ዓመት ቀደም ብለው ጡረታ ወጥተው ቢሆን ማይክሮስኮፑ እዚያው ስቶር ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

የሳህሊው አሲድና ቱቦዎች እያለቁ ስለነበር እንዲገዛ ጠየቅን። የዕቃ ጥያቄ የሚቀርበው አሁን በኮምፒውተር ብቻ ነው። የንብረት ክፍሏ ልጅ ዝርዝሩን ወደ ታች ወደ ላይ አመላለሰችው።

«ሳህሊ የሚባል የለም» አለች። «ሲስተሙ ላይ የሌለ ዕቃ አይገዛም።»

ጋሼ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። «ወረቀት አለሽ?»