የሶላር ኢንቨርተር አንቴና አፈታትና አወጋገድ፣ እስካሁን የተማርኩት

ሰላም ለሁላችሁም፣ የሶላር ትምህርቴ ኢንቨርተር ላይ ደርሷል፣ ማለትም የፓነሉን ዲሲ (ቀጥታ ጅረት) ወደ ቤት ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) የሚቀይረው ሳጥን ላይ። ሰሞኑን የያዝኩት የዋይፋይ አንቴናውን ፈትቶ ማንሳት ነው፣ ስራው ትንሽ ይመስላል ግን ብዙ ነገር ነው የተማርኩበት።

አንቴናው ራሱ ሰው አይጎዳም፣ የሚያሰጋው የተገጠመበት ሳጥን ነው። ከፓነሎቹ የሚመጣው ዲሲ ብዙ መቶ ቮልት ሊደርስ ይችላል፣ ፀሐይ እስካለች ድረስ ደግሞ ፓነል አይጠፋም፣ ስዊቹን ብታጠፉት እንኳን ከፓነሉ እስከ ስዊቹ ያለው ገመድ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የኤሲውን ብሬከር ማውረድ፣ ቀጥሎ የዲሲ ስዊቹን፣ ባትሪ ካለው የባትሪውንም። የፓነል ገመድ ማገናኛውን ግን ኢንቨርተሩ እየሰራ እንዳትነቅሉት፣ የዲሲ ብልጭታ አንዴ ከተነሳ በቀላሉ አይጠፋም። ከዛ መጠበቅ ነው። ስክሪኑ ጠፋ ማለት ውስጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፣ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ፣ ብዙ ማኑዋል ቢያንስ 5 ደቂቃ ይላል፣ ከዛ በላይ የሚጠይቅም ስላለ የራሳችሁን ማኑዋል እዩ።

አፈታቱ ላይ የሚያዘው ከስር ያለው የብረት ብሎን ነው፣ ወደ ግራ በእጅ፣ እምቢ ካለ በ8 ሚሊሜትር ቁልፍ ቀስ ብሎ። ፕላስቲኩን ይዞ መጠምዘዝ አይሆንም፣ ከኋላ ያለው ማገናኛ አብሮ ከዞረ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ይበጠሳል። ሽፋን ካልተከፈተ አይወጣም የሚባል አይነት ከሆነ ደግሞ እኔ በበኩሌ አልነካውም፣ የባለሙያ ስራ ነው፣ ዋራንቲውንም ሊያሳጣ ይችላል።

ከፈታችሁ በኋላ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛው ዋይፋዩ አንቴና ሳይኖረው በርቶ እንዳይቆይ፣ የሚልከው ሲግናል ወደ ራሱ ተመልሶ ማስተላለፊያውን ሊጎዳው ስለሚችል ከሴቲንግ አጥፉት። ሁለተኛው የቀረው ቀዳዳ ነው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም አይፒ65 የተባለ ኢንቨርተር አቧራና ውሃ የማያስገባው ሁሉም ቀዳዳ ሲደፈን ብቻ ነው፣ በልኩ የተሰራ ክዳን ከነጎማው ግጠሙለት፣ ፕላስተር ፀሐይ ላይ ቶሎ ይለቃል።

አወጋገዱ ላይ፣ አንቴናው ከዳታ ሎገሩ (የኢንቨርተሩን መረጃ መዝግቦ ከሚልከው ክፍል) ጋር አንድ ላይ ከሆነ የቤታችሁ የዋይፋይ ፓስዎርድ ውስጡ ሊኖር ስለሚችል ሪሴት አድርጉት፣ ከአፑም አውጡት። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ የተሰረዘ የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ካለበት ትርጉሙ ይሄ ነው፣ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሰብሳቢ ነው የሚሄደው። መዳብ ለማውጣት ብላችሁ እንዳታቃጥሉት በጣም እለምናችኋለሁ፣ የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው። ደህና ከሆነ ሌላ ራውተር ላይ ሊሰራ ይችላል፣ ኤስኤምኤና አርፒ ኤስኤምኤ የሚባሉት ሁለት የአንቴና ማገናኛ አይነቶች ግን ጥርሳቸው አንድ አይነት ስለሆነ እርስ በርስ ይገጥማሉ፣ የመሃሉ ፒን ግን ስለማይገናኝ ሲግናል አይኖርም፣ ከማሰራችሁ በፊት መሃሉን እዩት።

ቀጥሎ የዲሲ ሰርጅ (ድንገተኛ የቮልቴጅ መናር) መከላከያ ልጀምር ነው፣ የሰራችሁበት ካላችሁ ከየት እንደምጀምር ንገሩኝ።