ማናለብኝና እሜቴ

ባለቤቴ ታክሲ መንዳት ባቆመ በዓመቱ ቨርጂኒያ ተራራ ሥር አንዲት የእንጨት ቤት ገዛን። ለልጆቹ ብለን ነበር። ቅዳሜና እሁድ የልጅ ልጆቻችንን ይዘው ይመጣሉ፣ እሳት ይነዳል፣ በቆሎ ይጠበሳል፣ ምናምን። እውነቱን ልንገራችሁ? በዓመት ሦስቴ ከመጡ ጥሩ ነው። የልጆቹ ኳስ አለ፣ ሥራ አለ፣ እዚያ ደግሞ ኢንተርኔቱ ደካማ ነው። ቤቱን የያዙት አንድ ውሻና አንዲት ድመት ናቸው።

ውሻው ማናለብኝ ይባላል። ስም ያወጣለት ባለቤቴ ነው። አገር ቤት የውሻ ስም ለጎረቤት አሽሙር መወርወሪያ አይደል፤ እዚህ አሽሙሩ የሚገባው ጎረቤት ባይኖርም ልማዱን አልተወም። ስሙና ጠባዩ ግን አይተዋወቁም። ማናለብኝ ነጎድጓድ ሲሰማ መታጠቢያ ቤት ሮጦ ገንዳው ውስጥ ይተኛል። ድመቷ እሜቴ ናት፤ እሷስ ስሟን አታሳፍርም።

ቤታችን ከፍሮንት ሮያል ወጣ ብሎ ነው። ከዋሽንግተን በ66 ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ፣ መኪናው ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜኑ በር እዚያው ነው፤ በተራራው ጫፍ ጫፍ 105 ማይል የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭም ከዚያ ይጀምራል። ሰዉ "ተራራ ቤት አላችሁ" ሲለን ውስጤ ይስቃል። የፓርኩ ትልቁ ተራራ፣ ሆክስቢል የሚሉት፣ 1,235 ሜትር ነው። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። በእኛ አቆጣጠር ይሄ ቆላ ነው! አዲስ አበባ እንኳ የዚህን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ግን ጥቅምት ላይ በጠዋት በረንዳው ላይ ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ፣ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶ የዛፎቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ሲል፣ ጣርማበር ላይ ቆሜ ቁልቁል የማይ ይመስለኛል፤ ያኔ ስለ ሜትር የሚጨቃጨቅ የለም።

ወደዚህ አገር ስመጣ ውሻ ሶፋ ላይ አይቼ የደነገጥኩት እስካሁን ትዝ ይለኛል። እኛ ቤት ውሻ ደጅ ነበር የሚያድረው፣ የሚበላውም ትራፊ። አሁን ግን ቤት ውስጥ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ከባለቤቴ ይብሳል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ የአበሻ ቤት ላይ በደንብ የሚመለከት ነው። ወጥ አትስጡት! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው፤ የቀይ ደም ሕዋሳቸውን ያፈርሳል። እኛ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምን እንሠራለን? ዘቢብም ለውሻ መርዝ ነው። ጉልበቴን ሲያመኝ የምውጠውን ኪኒንም ለእሱ አልሞክርም፤ ለድመት ደግሞ አንዲት ፓራሲታሞል ልትገድል ትችላለች። አገር ቤት ያሉት ውሾች ያንን ሁሉ ወጥ በልተው እንዴት ኖሩ የሚለኝ ባለቤቴ ነው። ያልኖሩትን ማን ቆጠራቸው?

ባለፈው ፋሲካ ታናሽ እህቴ መጣች። ውሻ ካለበት ሶፋ ላይ አልቀመጥም ብላ ሦስት ቀን ሙሉ የወጥ ቤት ወንበር ላይ ዋለች። "እትዬ፣ በስተርጅና ምን ነካሽ?" ትለኛለች። ዝም አልኳት። ከፋሲካ ማግስት ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ማናለብኝ ሽንቱ መጣና በሩን ሲቧጥጥ ከፈትኩለት። ሁለት ደቂቃ አልቆየም። እየተንጫጫ ተመለሰና ቤቱን ጠረኑ ቀደመው። ስካንክ፣ ያ ሲፈራ ከጅራቱ ሥር የሚገማ ፈሳሽ የሚረጨው የዱር እንስሳ፣ ረጭቶታል። ይህን ሽታ ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደምገልጸው እንጃ፤ የተቃጠለ ጎማ ላይ የበሰበሰ ሽንኩርት አስቡ፣ ዓይንም ያቃጥላል። እሱ ደግሞ ፊቱን የሚያብስበት ሲፈልግ ሳሎን የተኛችውን እህቴን አገኘ። በነጭ ጋቢዋ ላይ ፊቱን ግራ ቀኝ ጠረገ።

ጩኸቱን ተዉት። የቲማቲም ጭማቂ የሚሉት ነገር አይሠራም፣ ሽታውን ይሸፍነው እንደሆነ እንጂ። የሚሠራው አንድ ሊትር ገደማ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ ያው ፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶው፣ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና ነው። እዚያው ቀላቅሎ እዚያው መጠቀም ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ከከደኑት ይፈነዳል። ዓይኑ እንዳይገባ ተጠንቅቆ፣ አምስት ደቂቃ አቆይቶ ማጠብ። እኔ ጎንበስ ማለት አልችልም፣ ባለቤቴ መነጽሩን ማግኘት አልቻለም። ስለዚህ ገንዳው አጠገብ ተንበርክካ ውሻ ያጠበችው እህቴ ናት፤ እየተራገመች፣ "ዓይንህን ጨፍን አንተ የማትረባ!" እያለች፣ እሱም እየተንቀጠቀጠ እጇን እየላሰ። እሜቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ሁላችንንም ታየናለች። ጋቢው ግን አልተረፈም። እህቴም እስከ ዛሬ ሶፋው ላይ አልተቀመጠችም፣ አትሳሳቱ።

ከማናለብኝ ጋር በቀን ሁለቴ እንወጣለን። ብዙዎቹ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻን በእግር መንገዳቸው አያስገቡም፤ ሸናንዶዋ ግን ከጥቂት መንገዶች በቀር ገመዱ ከ6 ጫማ ካልበለጠ ይፈቅዳል። ዕድሜው 62 የሞላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው አንዴ 80 ዶላር ከፍሎ ዕድሜ ልኩን ይገባል። የእኔን ካርድ ያስወጣችልኝ ልጄ ናት፤ እሷ ግን ፓርኩ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ስንመለስ ጆሮውን፣ ብብቱን፣ በጣቶቹ መሃል እዳብሳለሁ፤ መዥገር አለ። በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ቶሎ ከተነቀለ በሽታ የማስተላለፍ ዕድሉ ትንሽ ነው። የሰሊጥ ፍሬ የምታክለውን በመነጽር ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። እሱ ዳሰሳውን ስለሚወደው አይቸኩልም።

አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የኋላ እግሮቹ ከድተውታል፣ የበረንዳውን ደረጃ ሲወጣ ይንሸራተታል። ባለቤቴ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶ በየደረጃው ላይ ምንጣፍ ቸነከረለት። ማናለብኝ አሸተተው፣ አንዴ ረገጠው፣ ከዚያ ወዲህ ምንጣፍ በሌለበት በጠርዙ ነው የሚወጣው። ምንጣፉን የምረግጠው እኔ ነኝ።